አማተሩ ሽማግሌ

(ኅዳር ወር፣ ጠዋት። ሸኮ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የአቶ አልአዛር ግቢ በር። ሰማዩ ጠቁሯል። ከሚዛን በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጡ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ የአቶ አልአዛርን ልጅ ለመጠየቅ ሽምግልና ተልከው ነው። ዓባይነህ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። ሲሞን የአማን ዙሪያ ቡና ገበሬ ነው፤ የተዋሰው ኮት እጅጌው አጥሮታል። ሁለቱም ከዘራ ይዘዋል።)

ዓባይነህ፦ በግራህ ያዘው ነው ያልኩህ።

ሲሞን፦ በግራዬ ነው የያዝኩት ጋሼ።

ዓባይነህ፦ ይሄ ቀኝህ ነው።

ሲሞን፦ ፊት ለፊቴ ስለቆሙ ነው። እስቲ በዚህ በኩል ዞረው ይዩት።

ዓባይነህ፦ (ዞሮ ያያል) እሺ፣ ግራ ነው። ግን የቀኝ አያያዝ ነው የያዝከው።

ሲሞን፦ ከዘራ ላይ ይሄን ያህል ነገር አለ እንዴ?

ዓባይነህ፦ ለአማተር የለም። ለባለሙያ ግን ከዘራ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በግራ ከተያዘ «ለልመና መጣን» ማለት ነው። በቀኝ ከተያዘ «ለጠብ መጣን» ማለት ነው።

ሲሞን፦ በሁለት እጅ ቢደገፉትስ?

ዓባይነህ፦ ወገብህን አሞሃል ማለት ነው። ቀጥ በል።

ሲሞን፦ ወገቤን አሞኛል እኮ። ሚኒባሱ ውስጥ ታጥፌ ነው የመጣሁት። እዚህ ጉቶ ላይ ትንሽ ልረፍ?

ዓባይነህ፦ ሽማግሌ ሰው በር ላይ አይቀመጥም። «ቁጭ በሉ» እስኪባል ይቆማል።

ሲሞን፦ «ቁጭ በሉ» ሲባል ይቀመጣል?

ዓባይነህ፦ አይቀመጥም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል።

ሲሞን፦ ጉዳዩ ሲሰማስ?

ዓባይነህ፦ እምቢ ይባልና ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሲሞን፦ መቼ ነው ታዲያ የሚቀመጠው?

ዓባይነህ፦ በሦስተኛው ቀጠሮ። ለዚህ ነው ከአማተር ጋር ሥራ አልወድም የምለው። የሥራ ጓደኛዬን ጋሽ ኃይለሚካኤልን ወገባቸውን ባያማቸው ኖሮ አንተን ከነጭራሹ አላመጣህም ነበር።

ሲሞን፦ እሳቸውንም ወገባቸውን ነው ያመማቸው?

ዓባይነህ፦ እሳቸውን ያመማቸው በሥራ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ቆመው ነው።

ሲሞን፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከሚዛን ጀምሮ አስራ አንድ ጊዜ አማተር ብለውኛል። ስድብ ከሆነ ልወቀው ብዬ ነው።

ዓባይነህ፦ ስድብ አይደለም፣ ደረጃ ነው። አማተር ማለት ሥራውን ስለሚወድ ብቻ የሚሠራ ሰው ነው።

ሲሞን፦ ባለሙያስ?

ዓባይነህ፦ ባይወድም የሚሠራ።

ሲሞን፦ ካልወደደው ለምን ይሠራዋል?

ዓባይነህ፦ አበል አለዋ። ደግሞም ሠልጥኗል። (ባጁን ያነሳል) እስቲ አንብብ።

ሲሞን፦ (ጠጋ ብሎ) «ተሳታፊ» ይላል።

ዓባይነህ፦ የሦስት ቀን ስልጠና ነው። «ዘመናዊ የሽምግልና አመራር።» እኛ በሚዛን አርባ ሰዎች ነበርን የሠለጠንነው። ሁለተኛው ቀን ሙሉ ስለ አቋቋም ነበር።

ሲሞን፦ ሙሉ ቀን ቆማችሁ?

ዓባይነህ፦ ተቀምጠን ነው የተማርነው።

ሲሞን፦ እስካሁን ስንት ሽምግልና ሄደዋል ጋሼ?

ዓባይነህ፦ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ መቶ አስራ ሁለት።

ሲሞን፦ ስንቱ ተሳካ?

ዓባይነህ፦ መቶ አስራ ሁለቱም።

ሲሞን፦ መቶ አስራ ሁለት ትዳር አቆሙ ማለት ነው?

ዓባይነህ፦ መቶ አስራ ሁለት ቀጠሮ ነው ያልኩህ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብዬ አላውቅም፤ አንድም ሾልኮብኝ አያውቅም። ከቀጠሮው በኋላ ያለው የነሱ ጉዳይ ነው። እኔ የቀጠሮ ክፍል ነኝ።

ሲሞን፦ የእኛን ግን ዛሬ ቢጨርሱልን ደስ ይለኛል። ቲቶ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

ዓባይነህ፦ ቲቶ ማነው?

ሲሞን፦ ሙሽራው። የእህቴ ልጅ። የላከን።

ዓባይነህ፦ እ፣ ባለጉዳዩ። በመጀመሪያ ቀን የባለጉዳይ ስም አይነሳም። «አንድ ልጅ አለን» ብቻ ነው የሚባለው።

ሲሞን፦ ለማን እንደምንጠይቅ በምን ያውቃሉ ታዲያ?

ዓባይነህ፦ አያውቁማ። ሳያውቁ እንዴት እሺ ይላሉ? እምቢ ይላሉ። እምቢ ሲሉ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው።

ሲሞን፦ እኔ የምናገረው ነገር አለ?

ዓባይነህ፦ አለህ። እኔ «ከዚህ ትልቅ ቤት፣ ከዚህ የተከበረ አጥር…» ብዬ እጀምራለሁ።

ሲሞን፦ አጥሩ ወድቋል እኮ።

ዓባይነህ፦ ቢወድቅም የተከበረ ነው። እኔ ትንፋሼን ስስብ አንተ «እውነት ነው» ትላለህ።

ሲሞን፦ ውሸት ቢሆንስ?

ዓባይነህ፦ ያኔ ጮክ ብለህ ትላለህ።

ሲሞን፦ ጋሼ፣ እኛ እኮ ሦስት ቀጠሮ የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም። አንድ የቴፒ ነጋዴ ይህችኑ ልጅ ለልጁ ለመጠየቅ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጅቷ፣ ንጋቷ፣ እያለቀሰች ነው ለቲቶ የደወለችለት። «አባቴ አንዴ እሺ ካሉ ቃላቸውን አያጥፉም፤ ከእሁድ በፊት ድረሱልኝ» ነው ያለችው።

ዓባይነህ፦ የእሁዱን አውቃለሁ።

ሲሞን፦ ከማን ሰሙ?

ዓባይነህ፦ ከማንም አልሰማሁም። እኔ ነኝ የምመጣው።

ሲሞን፦ የት?

ዓባይነህ፦ እዚሁ። ለቴፒው።

ሲሞን፦ ለአንዲት ልጅ፣ ለሁለት ሰው?

ዓባይነህ፦ ሐኪም አንድ በሽተኛ ብቻ ነው እንዴ የሚያክመው? ባለሙያ ወገን የለውም። ዛሬ ለአንተ ከልቤ እናገራለሁ፣ እሁድ ለሱ ከልቤ እናገራለሁ።

ሲሞን፦ ስንት ልብ ነው ያለዎት ጋሼ?

ዓባይነህ፦ በአማተር ዓይን እያየኸው ነው።

ሲሞን፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) እህቴ ስትሞት ቲቶ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እጄን ይዛ «አደራ» ነው ያለችኝ፣ ሌላ ነገር አላለችም። ከዚያ ወዲህ ይሄ ልጅ አንድም ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ጫማው ሲቀደድ እንኳ ደብቆኝ ነው የሚሰፋው። ለመጀመሪያ ጊዜ የለመነኝ ይሄን ነው። ባዶ እጄን ተመልሼ ምን እለዋለሁ?

ዓባይነህ፦ ባዶ እጅህን አትመለስም። ቀጠሮ ይዘህ ትመለሳለህ።

(ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ከግቢው ውስጥ «ቡናው፣ ቡናው» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል። በወደቀው አጥር በኩል ቡና የተሰጣባቸው ረጃጅም የእንጨት አልጋዎች ይታያሉ።)

ሲሞን፦ ጋሼ፣ ቡናቸው ሊበሰብስ ነው።

ዓባይነህ፦ አይቻለሁ።

ሲሞን፦ አምስት አልጋ ሙሉ ነው። ደርቋል፣ ሊነሳ ሁለት ቀን ቢቀረው ነው። አሁን ዝናብ ከነካው ይሻግታል።

ዓባይነህ፦ ሽማግሌ አይሮጥም።

ሲሞን፦ ሁለት ሴቶችና አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ናቸው። የሚሸፍኑበትን ላስቲክ ነፋስ እየነጠቃቸው ነው።

ዓባይነህ፦ ሲሞን፣ አንድ እግርህን ብታነሳ ከሽምግልናው ሰርዤሃለሁ።

ሲሞን፦ ሁለቱንም ነው የማነሳው ጋሼ።

(ኮቱን አውልቆ ጉቶው ላይ ይጥልና ከነከዘራው በወደቀው አጥር ላይ ተሻግሮ ይሮጣል። ዝናቡ ይወርዳል። ዓባይነህ ብቻውን እንደቆመ ነው።)

ዓባይነህ፦ (ለራሱ) እኔ አልንቀሳቀስም። ሰው ሁሉ ቢሮጥ አንድ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። (ወደ ባዶው በር፣ በትልቅ ድምፅ) ከዚህ ትልቅ ቤት፣ ከዚህ የተከበረ አጥር ደጃፍ የቆምነው… (ትንፋሹን ይስባል፣ ይጠብቃል፣ ማንም የለም) …እውነት ነው። (ውሃውን ከዓይኑ ይጠርጋል) አንድ ልጅ አለን… እውነት ነው።

(ዝናቡ ያባራል። ሲሞን ይመለሳል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር እያኘከ ነው። ከዘራ አልያዘም።)

ሲሞን፦ አለቀ ጋሼ።

ዓባይነህ፦ ቡናው?

ሲሞን፦ ቡናውም ተረፈ። ጉዳያችንም አለቀ። ሰጡን።

ዓባይነህ፦ ምን ሰጡን?

ሲሞን፦ ንጋቷን።

ዓባይነህ፦ (ወደ አፉ ጠጋ ብሎ) የምታኝከው ምንድን ነው?

ሲሞን፦ ጎደሬ። በሚጥሚጣ። ለእርስዎም ላምጣ?

ዓባይነህ፦ በላህ? በመጀመሪያ ቀን? ተቀምጠህ?

ሲሞን፦ ተቀምጬ። «ቁጭ በል» አሉኝ፣ ቁጭ አልኩ።

ዓባይነህ፦ ምን ብለህ ነው የጀመርከው? ቃል በቃል ንገረኝ።

ሲሞን፦ እኔ አልጀመርኩም። ላስቲኩን በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው እኔ ይዘን ወጠርነው። ነፋሱ ሲጎትተን እሳቸው በሸኮኛ ጮሁ፣ እኔ በቤንችኛ ጮህኩ፤ አማርኛው ሁለታችንም ጋ ጠፋ። ግን ተግባባን። ሸፍነን ስንጨርስ «አንተ ደግሞ ማነህ?» አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። «ምን ፈልገህ መጣህ?» ሲሉኝ «የእህቴ ልጅ ቲቶ ልጅዎን ይወዳታል፣ ለመለመን ነው የመጣሁት። ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠራው። አይጠጣም። ትንሽ ቁጡ ነው፣ ግን ቶሎ ይበርድለታል» አልኳቸው።

ዓባይነህ፦ ቁጡ ነው አልክ? በሽምግልና ላይ?

ሲሞን፦ ነው እኮ። አብራው ስትኖር ማየቷ አይቀርም።

ዓባይነህ፦ (ጉቶውን ይደገፋል፣ ወዲያው ያስታውስና ይቆማል) ቀጥል።

ሲሞን፦ «እናቱስ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ንጋቷን ጠርተው «የምትፈልጊው ይሄን ነው?» አሏት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «በቃ ወስዳችኋታል» አሉኝ።

ዓባይነህ፦ ልጅቷን ጠየቋት? በስንተኛው ቀጠሮ ነው ልጅቷ የምትጠየቀው? ሲሞን፣ ይሄ ሽምግልና አይደለም፣ አደጋ ነው።

ሲሞን፦ እሺ አሉ እኮ ጋሼ።

ዓባይነህ፦ ችግሩ እሱ ነው። በመጀመሪያ ቀን የተገኘ እሺታ ሥርዓት የለውም። ገብቼ አስተካክለዋለሁ።

ሲሞን፦ ምኑን ነው የሚያስተካክሉት?

ዓባይነህ፦ እምቢ እንዲሉ አደርጋለሁ።

ሲሞን፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ? ተዉት ጋሼ። አሁን ለቲቶ ልደውልለት ነበር።

ዓባይነህ፦ እንዳትደውል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ አንተ በአጥር ዘለህ ያገኘኸውን እሺታ እቀበላለሁ? ነገ ሚዛን ውስጥ ምን ሊባል ነው? መቶ አስራ ሦስተኛው ላይ ዓባይነህን ገበሬ ቀደመው ሊባል ነው። ካላስገባኸኝ እሁድ የቴፒውን ይዤ ስመጣ «የእነዚያኞቹ ሥርዓት የጎደለው ነበር» ብዬ በሽማግሌ ፊት አስፈርሰዋለሁ። ይሄን ማድረግ እንደማያቅተኝ ታውቃለህ።

ሲሞን፦ (ወደ ግቢው ዞሮ ያያል) አያቅትዎትም። እሺ ጋሼ፣ ይግቡ። ግን ትንሽ ይታገሱኝ፤ ከዘራዬን እዚያ ረስቼዋለሁ። ይዤው ልምጣ።

ዓባይነህ፦ ከዘራ ተረሳ። እግዚኦ። ሂድ፣ ፍጠን።

(ሲሞን ገብቶ ይቆያል። ከዘራውን ይዞ ይወጣል።)

ሲሞን፦ ይግቡ። እየጠበቁዎት ነው።

ዓባይነህ፦ (ክራቫቱን ጨምቆ ውሃውን ያፈሳል፣ ባጁን ያስተካክላል) አንተ እዚሁ ሁን። ዛሬ ባለሙያ እንዴት እንደሚሠራ ከሩቅ ተማር።

(ይገባል። ሲሞን ጉቶው ላይ ቁጭ ይላል። ከግቢው ውስጥ «ከዚህ ትልቅ ቤት» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ ረጅም ንግግር፣ ቀጥሎ የሴቶች ሳቅ። ዓባይነህ ፊቱ በርቶ ይወጣል።)

ዓባይነህ፦ ተነስ። ተሳክቷል።

ሲሞን፦ ምን አሉዎት?

ዓባይነህ፦ እምቢ አሉ።

ሲሞን፦ በደንብ?

ዓባይነህ፦ ከልብ የመጣ እምቢታ ነው። «እርስዎ ለሚሉት ልጅ፣ ልጄን አልሰጥም» አሉኝ፣ ዓይኔን እያዩ። በሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ንጹሕ እምቢታ ሰምቼ አላውቅም። ገና ግማሹን ሳልናገር ነው ያሉኝ፤ ንግግሩ ምን ያህል እንደገባቸው ተመልከት።

ሲሞን፦ የልጁን ስም ነገሯቸው እንዴ?

ዓባይነህ፦ አማተር መሰልኩህ? «አንድ ልጅ አለን» ብቻ ነው ያልኩት።

ሲሞን፦ ቀጠሮስ ሰጡ?

ዓባይነህ፦ እሱን ልነግርህ ነው። ለሌላ ሰው ሁለት ሳምንት ነው የሚሰጠው። ለእኔ ስንት እንደሰጡኝ ገምት።

ሲሞን፦ እንጃ።

ዓባይነህ፦ ጥር አስራ ሰባት፣ ቅዳሜ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሰው ለቀላል ሰው ሁለት ወር አያስብም።

ሲሞን፦ እውነት ነው።

ዓባይነህ፦ ደግሞ ሁለት ሆናችሁ አትምጡ አሉ። «ሠላሳ፣ አርባ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ መኪና ካገኛችሁም በመኪና ኑ።» አርባ ሽማግሌ ሲሞን። የክልል ፕሬዚዳንት ቢያገባ አርባ ሽማግሌ አይጠየቅም።

ሲሞን፦ ሌላ ያሉት ነገር አለ?

ዓባይነህ፦ «ከቤተ ክርስቲያናችሁ ዘማሪ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል» አሉ። ሽማግሌን በመዝሙር መቀበል። እኔ እንኳ ስልጠናው ላይ አልሰማሁትም፤ አዲስ የገባ አሠራር መሆን አለበት። እና አሁን ልዩነቱ ገባህ? አንተ በአስር ደቂቃ እሺታ ይዘህ ወጣህ፣ ተራ ነገር። እኔ ይሄን ሁሉ ይዤ ወጣሁ።

ሲሞን፦ ጋሼ፣ እዚህ ጉቶ ላይ ቁጭ ቢሉ ይሻላል።

ዓባይነህ፦ ለምን?

ሲሞን፦ የምነግርዎት ነገር አለ። እኔ ከዘራዬን አልረሳሁትም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ተመልሼ ልገባ። አቶ አልአዛርን «በር ላይ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ እምቢ ካልተባሉ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አንድ እምቢ ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ዓባይነህ፦ ምን?

ሲሞን፦ እሳቸውም «ሰጥቻለሁ እያልኩ እንዴት አልሰጥም እላለሁ? እኔ ውሸት አልወድም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያኔ ነው የእሁዱ ትዝ ያለኝ። «እሁድም ለቴፒው የሚመጡት እሳቸው ናቸው፤ የእሱን እምቢታ ዛሬ ይስጧቸው፣ ውሸት አይሆንም» አልኳቸው። ሴቶቹ ከያኔ ጀምሮ ነው የሚስቁት።

(ዓባይነህ ቀስ ብሎ ጉቶው ላይ ይቀመጣል።)

ዓባይነህ፦ እምቢታው የእሁዱ ነው?

ሲሞን፦ የእሁዱ ነው።

ዓባይነህ፦ ቀጠሮውስ? ጥር አስራ ሰባት? አርባው ሰው? ዘማሪው?

ሲሞን፦ ሠርጉ ነዋ ጋሼ።

(ከላስቲኩ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ሲፈስ ይሰማል።)

ዓባይነህ፦ ሠርግ። (ባጁን አውልቆ ኪሱ ይከታል) ታውቃለህ ሲሞን፣ ሃያ ስምንት ዓመት ስሄድ ለሠርጉ የጠራኝ ሰው የለም። ቀጠሮ ካስያዝኩ በኋላ ይረሱኛል። እንዲያውም ከነዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተጋባ አላውቅም።

ሲሞን፦ አቶ አልአዛር ጠርተውዎታል። እኔም ጠርቼዎታለሁ። ቲቶም ሲሰማ ራሱ መጥቶ ይጠራዎታል።

ዓባይነህ፦ ቁጡ ነው አላልክም?

ሲሞን፦ እስከ ጥር ይበርድለታል።

(ከመንገዱ በኩል የሚኒባስ ጥሩምባ ይሰማል። ሲሞን ኮቱን ያነሳል፤ ዓባይነህ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም።)

ዓባይነህ፦ ቆይ እስቲ። እኔ ለቴፒው ሰው ቃል ገብቻለሁ፤ አበሉንም ተቀብያለሁ። አሁን ምን ይዤ ነው የምሄድለት?

ሲሞን፦ እምቢታውን ነዋ። ሰውየው ሳይልክዎት ጉዳዩን ጨርሰውለታል፤ ከዚህ በላይ ባለሙያ ከየት ያመጣል?